የሰማይ ቦቴን በጆሮ መከተል፦ ከጣና ዳር ሆኖ ውቅያኖስን ማድመጥ

ባሕር ዳር ማደያ ፊት ለፊት ተሰልፎ ያደረ ሰው ይህን ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። እኔም ሥቄያለሁ። እኛ ጀሪካን ይዘን ወረፋ ስንጠብቅ፣ አትላንቲክ ላይ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አንድ ቦቴ አውሮፕላን ከኋላው ተዋጊ ጄቶች አስከትሎ፣ ሳይቆም፣ እየበረረ ይቀዳላቸዋል።

ይህ መመሪያ ያን ጉዞ በሬዲዮ እንዴት መከተል እንደሚቻል ነው። ፓይለት አይደለሁም፣ ወታደርም አይደለሁም። ሽምብጥ የምኖር፣ ሌሊት ሬዲዮ መጎርጎር የሚወድ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ከአሁኑ ላፍርጠው። ነዳጅ ሲቀዳ ራሱን አትሰሙትም። ቦቴውና ጄቶቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአብዛኛው በዩኤችኤፍ ነው፣ ከ225 እስከ 400 ሜጋ ኸርዝ ባለው። ያ ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ የምድርን ጉብጠት ተከትሎ አይታጠፍም፤ ስለዚህ እኛ ጋ አይደርስም። የሚደርሰው ቦቴው ለመሬት ጣቢያ የሚሰጠው የቦታ ሪፖርት ነው። ብዙ ጀማሪ ምስጢራዊ ፍሪኩዌንሲ ሲያሳድድ ወሩን ይፈጃል፣ ቦቴው ግን ከተሳፋሪ አውሮፕላኖች ጋር በአንድ መስመር ላይ ሆኖ እንደማንኛውም ሰው ተራውን እየጠበቀ ነው።

ለምን በአጭር ሞገድ? የብስ ላይ ሲበር አውሮፕላን የሚያወራው በቪኤችኤፍ ነው፤ እሱም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞገድ ስለሆነ በየቦታው ማማ ይፈልጋል። ውቅያኖስ መሃል ግን የቪኤችኤፍ ማማ የሚተከልበት ቦታ የለም። ስለዚህ ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ያለውን አጭር ሞገድ ይጠቀማሉ። ይህ ሞገድ ወደ ላይ ሄዶ አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር ላይ ይነጥርና ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይወርዳል። አየርላንድ የተናገረውን ጣና ዳር የምንሰማው በዚህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስለ ጥንቃቄ አንዴ እናገራለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራችን።

የአገር ውስጥ ወታደራዊ ሬዲዮ አትነካኩ። በፍጹም። ይህ መመሪያ ስለ አትላንቲክ ነው። ኤርፖርት አካባቢ ወይም ካምፕ አጠገብ ሽቦ ዘርግታችሁ አትቀመጡ። ጊዜው ስስ ነው፣ ረጅም ሽቦና ማዳመጫ ያደረገ ሰው ደግሞ ለማስረዳት ብዙ ቃል ያስፈልገዋል። ማስተላለፊያ ያለው መሣሪያ አትግዙ፣ መስማት ብቻ ይበቃናል። መቀበያም ቢሆን ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። የሰማችሁትንም በረራው አየር ላይ እያለ ኢንተርኔት ላይ አትለጥፉ።

ጎረቤትም ይወቅ። እኔ ማንጎው ላይ ሽቦ ስዘረጋ የጎረቤቴ እናት አጥሩ ጋ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ምነው ልጄ፣ ገመዱ ለልብስ ነው?»

«አይ እማማ፣ የሬዲዮ ነው።»

«ታዲያ ካልቸገረህ አንሶላዬን ባሰጣበትስ?»

አሰጡበት። ሽቦው ረገበ፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ «የሬዲዮው ልጅ» ይለኛል። ከዚህ የተሻለ ፈቃድ የለም።

ሰዓቱን አስተካክሉ

ይህን ዘላችሁ ብታልፉ ትጸጸታላችሁ። የአቪዬሽን ሬዲዮ የሚሠራው በዩቲሲ ነው፣ ማለትም በግሪንዊች ሰዓት። ስልካችን ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል። እኛ በአፋችን የምንጠራው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ወር ማስታወሻ ደብተሬን ብታዩ ታለቅሳላችሁ፤ «2፡30» ይላል፣ የማን 2፡30 እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

ዘዴው ቀላል ነው። ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንሱ፣ የኛን ሰዓት ታገኛላችሁ። 1200 ዩቲሲ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፤ 1800 ዩቲሲ 15 ይመጣል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከዜሮ ካነሰ 12 ደምሩ፤ 0100 ዩቲሲ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ደብተር ላይ ግን ሁልጊዜ ዩቲሲ ብቻ ጻፉ።

ይህ የሚጠቅመው ለመዝገብ ብቻ አይደለም። ሰሜን አትላንቲክ ላይ የተሳፋሪ በረራ እንደ ማዕበል ነው። ቀን ቀን ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ይጎርፋል፣ ሌሊት ደግሞ ይመለሳል። ወደ ምዕራብ የሚሄደው የውቅያኖሱን መሃል የሚያቋርጠው ከ1130 እስከ 1900 ዩቲሲ ገደማ ነው፤ በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት። ከሥራ ወጥቶ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

መሣሪያው

ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱንም ተጠቀሙ እላለሁ።

አንደኛው ኢንተርኔት ላይ ያሉ ተቀባዮች ናቸው። ኔዘርላንድስ ትዌንተ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዌብኤስዲአር ማንም ሰው በብሮውዘር ገብቶ የሚያዞረው ሬዲዮ ነው። ኪዊኤስዲአር የሚባሉ ትንንሽ መቀበያዎችም አሉ። ከ0 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ይቀበላሉ፤ ባለቤቶቻቸው በየአገሩ በነጻ ከፍተዋቸዋል። አየርላንድ፣ አይስላንድ ወይም ካናዳ ጠረፍ ያለውን ከመረጣችሁ አትላንቲክን እደጃፉ ሆናችሁ ትሰማላችሁ። ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዳታ የሚበላው ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ነው። ሬዲዮ ሳትገዙ ዛሬውኑ መጀመር የምትችሉት በዚህ ነው።

ሁለተኛው የራሳችሁ ሬዲዮ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያቃጥላል። አያቶቻችን ዜና የሚሰሙበት ዓይነት ተራ ባለ አጭር ሞገድ ሬዲዮ አይሆንም። አውሮፕላኖች የሚናገሩት በነጠላ ጎን ሞገድ፣ በላይኛው ጎን ነው። ሬዲዮው ላይ «ኤስኤስቢ» የሚል ከሌለ፣ ድምፁ ዳክዬ በቱቦ ውስጥ እንደሚያወራ ሆኖ ይቀራል። ካለው ደግሞ «ዩኤስቢ» የሚለውን ምረጡ፣ የላይኛው ጎን ማለት ነው። የቻርጀሩ ዩኤስቢ አይደለም፣ በአጋጣሚ የተገናኙ ስሞች ናቸው። እኔ አንድ ሙሉ ሌሊት ኤልኤስቢ ላይ፣ ማለትም በታችኛው ጎን ላይ ተቀምጬ «ሬዲዮው ተበላሽቷል» ስል አድሬያለሁ። እንደ ቴክሰን ፒኤል-330 ያለ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

ሽቦውና መብራቱ

የአንቴና ነገር ሰውን ያስፈራል፣ ግን አሥር ወይም አሥራ አምስት ሜትር ቀጭን ሽቦ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንዱን ጫፍ ዛፍ ላይ በናይለን ገመድ እሰሩ፣ ሌላውን ወደ ሬዲዮው አምጡ። ሬዲዮው ለውጭ አንቴና ቀዳዳ ካለው እዚያ ሰኩት፣ ከሌለው በራሱ ዘንግ አንቴና ላይ ጠምጥሙት። ከመብራት ኃይል ሽቦ አርቁት፤ ቢበጠስ እንኳ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ክረምት ላይ ደመና ሲከማች ነቅላችሁ ወደ ውጭ ጣሉት። የጣናን መብረቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከሽቦው ይልቅ የሚያስቸግረው ጩኸት ነው። የቻይና አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የቴሌቪዥን ስታቢላይዘር፣ የጎረቤት ኢንቨርተር፣ ሁሉም አጭር ሞገድ ላይ እንደ ንብ ይጮኻሉ። ሩቅ የመጣው ደካማ ድምፅ በዚያ ውስጥ ይሰጥማል። መጀመሪያ የራሳችሁን ቤት መርምሩ። ሬዲዮውን በባትሪ አድርጉና አንድ በአንድ ከሶኬት ንቀሉ፤ ጩኸቱ ሲወርድ ጥፋተኛውን ያዛችሁ ማለት ነው። እኔ ቤት የተገኘው ሌባ የራሴው የላፕቶፕ ቻርጀር ነበር።

ከዚያ ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ መብራት ይጠፋል። ሰፈሩ ሁሉ «ኤጭ!» ይላል። እኔ ግን ሮጬ ሬዲዮውን እከፍታለሁ። ቀበሌው በሙሉ ሲጨልም ጩኸቱ ሁሉ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ ሞገዱ እንደ ማለዳ ጣና ጸጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ቅድም ያልነበሩ ድምፆች ከየት መጡ ሳይባል ይነሳሉ። ስለዚህ ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን። መብራት ሲመጣ ሰው እልል ሲል እኔ ፊቴ ይጠቁራል፣ ይህን ለጎረቤት አልነግርም።

መብራት ካልጠፋ ደግሞ ሐይቁ ዳር ሂዱ። ከሆቴሎቹ ራቅ ያለ፣ የመብራት ምሰሶ የሌለበት ቦታ ይበቃል። ዘጌ ቤተሰብ ያለው ሰው ታድሏል።

ጆሮን ማለማመድ

በቀጥታ ወደ ቦቴው አትሂዱ። ጆሮ መለማመድ አለበት። የአቪዬሽን እንግሊዝኛ፣ በዚያ ላይ በተጣመመ ድምፅ፣ መጀመሪያ ምንም አይያዝም።

በሻነን ቮልሜት ጀምሩ። አየርላንድ ያለ ጣቢያ ነው፤ የአውሮፓ ኤርፖርቶችን የአየር ሁኔታ ያለ ማቋረጥ ያነባል። 5505 ኪሎ ኸርዝ ላይ ማታ፣ 8957 እና 13264 ላይ ደግሞ ቀን ሞክሩት። ከባሕር ዳር ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይህ ከተሰማ መሣሪያችሁ ይሠራል፣ መንገዱም ክፍት ነው ማለት ነው። ካልተሰማ ሌላውን ለመፈለግ አትድከሙ፣ ሻይ ጠጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። የሚያነበው ነገር አንድ ዓይነት ቅርጽ ስላለው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቁጥሩንና ቃላቱን ጆሮ ይለምደዋል።

ቀጥሎ ወደ ቤታችን ቅርብ። 11300 ኪሎ ኸርዝ የምሥራቅና የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ መስመር ነው። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ካይሮ፣ ሞቃዲሾ ይጋሩታል። «ኢትዮጵያን» ብሎ ቁጥሩን የሚናገር የኛ ሰው ድምፅ መጀመሪያ ስትሰሙ ብቻችሁን ትስቃላችሁ፣ አውቀዋለሁ። እዚህ የቦታ ሪፖርት ምን እንደሚመስል ተማሩ። ቅደም ተከተሉ ሁሌም አንድ ነው፦ የአውሮፕላኑ መጠሪያ፣ ያለበት ነጥብ፣ እዚያ የደረሰበት ሰዓት፣ ከፍታው፣ ቀጣዩ ነጥብና የሚደርስበት ሰዓት፣ ከዚያም የሚከተለው ነጥብ።

አሁን ወደ አትላንቲክ። የተቆጣጣሪ ጣቢያዎቹን ስም ያዙ፦ ሻንዊክ ምሥራቁን፣ ጋንደር የካናዳውን ወገን፣ ሳንታ ማሪያ የአዞረስን፣ ኒው ዮርክ ደቡብ ምዕራቡን፣ አይስላንድ ሰሜኑን ይጠብቃሉ። በኪሎ ኸርዝ፣ ማታ 5598፣ 5616 እና 5649፤ ቀን 8906፣ 8864፣ 8879 እና 8891 ላይ ዙሩ። በደቡብ በኩል፣ በኒው ዮርክና በሳንታ ማሪያ ክልል ለሚያልፉ 6628 እና 8825ን ጨምሩ። ሕጉ አጭር ነው፤ ሲመሽ ወደ ዝቅተኛው፣ ሲነጋ ወደ ከፍተኛው። ማምሻ የሚባለው ግን የእናንተ ብቻ አይደለም፤ በእናንተና በአውሮፕላኑ መሃል ያለው ሰማይ ሁሉ መጨለም አለበት።

ውቅያኖስ ላይ ነጥቦቹ ስም የላቸውም፣ በመስመር ይጠራሉ። «ፊፍቲ ኖርዝ፣ ሰርቲ ዌስት» ካለ ከምድር ወገብ 50 ዲግሪ ሰሜን፣ ከግሪንዊች 30 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። አንድ የአትላንቲክ ካርታ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ በእርሳስ ነጥብ እያደረጋችሁ ተከተሉት።

ሌላም ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ደወል የሚመስል ጥንድ ጩኸት። ሴልካል ይባላል። ፓይለቶቹ ሙሉ ሌሊት ሽሽታ እንዳይሰሙ ድምፁን ቀንሰው ይቀመጣሉ፣ መሬቱ ሲፈልጋቸው በየአውሮፕላኑ ኮድ ይደውልላቸዋል።

ቦቴውን መለየት

አሁን የመጣንበት ነገር። አየር መንገዶች በሰሜን አትላንቲክ አብዛኛውን ሪፖርታቸውን በዳታ ሊንክ በጽሑፍ ይልካሉ፤ በድምፅ የሚመጡት ለመጀመሪያ ግንኙነትና ለሴልካል ሙከራ ነው። ስለዚህ ሙሉ ሪፖርት በድምፅ፣ ነጥብ በነጥብ እየሰጠ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ጆሮ ይቁም።

መጀመሪያ መጠሪያውን ስሙ። አየር መንገድ ካልሆነ፣ አንድ ቃልና ቁጥር ከሆነ፣ ወታደራዊ ሊሆን ይችላል። «ሪች» የአሜሪካ አየር ኃይል የማመላለሻ ክፍል ነው፣ «አስኮት» የእንግሊዝ አየር ኃይል። «ክዊድ» እንግሊዝ አገር ሚልደንሆል ያሉት ቦቴዎች ናቸው። «ጎልድ» የሚለውን ተዋጊ የሚያሻግሩ ቦቴዎች ብዙ ጊዜ ይጠቀሙበታል።

ግን መጠሪያ ብቻ አያሳምነኝም። እኔ የማምነው ከፍታውን ነው። ተራ አውሮፕላን አንድ ከፍታ ይናገራል። ቦቴና ጭፍራው ግን «ብሎክ» ይላሉ፤ ለምሳሌ ከ25,000 እስከ 27,000 ጫማ ያለውን ሁሉ ለራሳቸው ይዘዋል። ምክንያቱም እየተደራረቡ፣ እየወረዱና እየወጡ ነው የሚቀዱት። ከተሳፋሪ አውሮፕላን ዝቅ ያለ ከፍታ መሆኑም ይረዳችኋል። «ማርሳ» የሚል ቃል ከሰማችሁማ ጨርሳችኋል፤ በመካከላችን ያለውን ርቀት የምንጠብቀው እኛ ወታደሮቹ ነን፣ እናንተ ተቆጣጣሪዎች አትጨነቁ ማለት ነው።

የድምፁም ነገር አለ። ስድስት ጄት እየሄደ የሚናገረው አንድ ሰው ነው። ተዋጊ ጄቶች በአብዛኛው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ የላቸውም። ስለዚህ ቦቴው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን አፍም ያውሳቸዋል። ለራሱም ለእነሱም ሪፖርት ይሰጣል። የምናድነው ለዚህ ነው ቦቴውን እንጂ ጄቱን አይደለም።

እንዲህ ያለ ጉዞ በአሜሪካኖቹ ዘንድ ኮሮኔት ይባላል። ሰው የሚገምተው ጄቶቹ ነዳጃቸው ሊያልቅ ሲል አንዴ ቀድተው የሚሄዱ ነው፣ እንደኛ ባጃጅ። እንዲያ አይደለም። ደጋግመው፣ ገና ግማሹ ሳይጎድል ይሞላሉ። አንዱ ጄት መቅዳት ቢያቅተው፣ ቱቦው ቢበላሽ ወይም አየሩ ቢናወጥ፣ ባለው ነዳጅ ብቻ አንድ ኤርፖርት መድረስ መቻል አለበት። ውቅያኖስ መሃል ኤርፖርት ጥቂት ነው፤ አዞረስ ላይ ላዠስ፣ አይስላንድ ላይ ኬፍላቪክ፣ ካናዳ ጠረፍ ላይ ጋንደር። ስለዚህ ቦቴው ስለ ላዠስ አየር ሁኔታ ሲጠይቅ ከሰማችሁ ለምን እንደሆነ ገባችሁ ማለት ነው።

ቦቴው ራሱ ብዙ ጊዜ ኬሲ-135 ነው፣ ከ1957 ጀምሮ የሚያገለግል ሽማግሌ። እስከ 200,000 ፓውንድ ነዳጅ ይይዛል፣ 90 ቶን ገደማ። አዲሱ ኬሲ-46 ከ2019 ወዲህ ገብቷል። አቀዳዱ ሁለት ዓይነት ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ጄቶች ከቦቴው ጅራት በሚወርድ ግትር ቱቦ ይቀዳሉ፣ ቱቦውን የሚመራ ሰው አለ። የባሕር ኃይሉና ብዙ አውሮፓውያን ደግሞ በልል ቱቦ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ቅርጫት ውስጥ የራሳቸውን አፍንጫ ይሰካሉ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ ሰኔ 1923 ሁለት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ካሊፎርኒያ ላይ በተራ ቱቦ ሞክረውታል። በ1949 ላኪ ሌዲ 2 የተባለች ቦምብ ጣይ አራት ጊዜ አየር ላይ ቀድታ ዓለምን ሳትቆም በ94 ሰዓት ዞረች። እኔ የምወደው የ1982ቱን ነው፤ እንግሊዞች አንድ ቫልካን ቦምብ ጣይ ከአሴንሽን ደሴት ወደ ፎክላንድ ለማድረስ 11 ቪክተር ቦቴዎች አሰለፉ፣ ቦቴዎቹም እርስ በርስ እየተቃዱ።

11175

አሜሪካኖቹ የራሳቸው ዓለም አቀፍ የአጭር ሞገድ መረብም አላቸው፤ 4724፣ 8992፣ 11175 እና 15016 ኪሎ ኸርዝ። ቦቴው መሬት ላይ ስልክ እንዲደወልለት ሲፈልግ እዚህ ይመጣል። «ሜይንሴይል፣ ሜይንሴይል» ብሎ ከጠራ የሚሰማኝ የትኛውም ጣቢያ ይመልስልኝ ማለቱ ነው። ከዚያ ስልኩ ይገናኝለትና ስለሚያርፍበት ቦታ አየር ወይም ስለተበላሸ ዕቃ ሲያወራ ትሰማላችሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ ፊደልና ቁጥር ብቻ የሚያነብ ድምፅ ይገባል። የተመሰጠረ ትእዛዝ ነው። መፍታት አይሞከርም፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

የኛ ሰማይ ጠባይ

እዚህ ለሚኖር ሰው ሌላ ቦታ ያለ መመሪያ የማይነግረው ነገር አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌሩ አንዳንድ ማታ ይፈላል፣ እንደ ጀበና። ድምፁ ይርገበገባል፣ ሰውዬው በማራገቢያ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል። በተለይ መስከረምና መጋቢት አካባቢ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይብሳል። እኔ ሽቦዬን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ያሰርኩት በዚህ ነው፣ ጥፋቱ የሰማዩ እንደሆነ ሳላውቅ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሰዎች ይህንኑ የአዮኖስፌር ጠባይ ያጠናሉ፤ ለእነሱ ሲሳይ የሆነው ለእኛ ራስ ምታት ነው። እንዲህ ባለ ማታ ወደ ኢንተርኔቱ መቀበያ ዙሩ፣ ወይም ተኝታችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሱ።

ማረጋገጥና መመዝገብ

የሰማችሁት ቦቴ መሆኑን በሌላ ዓይን አረጋግጡ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ኤዲኤስ-ቢ ኤክስቼንጅ የተባለ የበረራ መከታተያ ካርታ ወታደራዊ አውሮፕላኖችን አይደብቅም። ቦቴው ትራንስፖንደሩን፣ ማለትም ማንነቱንና ቦታውን የሚያሰራጨውን መሣሪያ ከከፈተ ከአሜሪካ ጠረፍ ሲነሳ ታዩታላችሁ፣ ከዚያ የመሬት መቀበያ የሌለበት ውቅያኖስ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ካርታው ሲያጣው ሬዲዮው ይረከበዋል። በሰዓታት ልዩነት ወዲያ ማዶ ብቅ ሲል በሪፖርቱ ከሰማችሁት ሰዓት ጋር አስተያዩት። ሁልጊዜ አይገጥምም። የኔ ደብተር ላይ ከጥያቄ ምልክት ጋር የቀሩ ከተረጋገጡት ይበልጣሉ።

የኔ አመዘጋገብ ይህን ይመስላል፣ ምሳሌው የፈጠርኩት ነው፦ «1412 ዩቲሲ፣ 8906፣ ጎልድ 21 ወደ ሳንታ ማሪያ፣ 40 ሰሜን 40 ምዕራብ፣ ብሎክ 250–270፣ ቀጣይ 39 ሰሜን 35 ምዕራብ በ1446፣ ድምፅ ደካማ፣ መብራት የለም።» ያልሰማችሁትን ቃል በግምት አትሙሉ፣ ሰረዝ አድርጉበትና እለፉ። ቀጣዩ ነጥብ የሚደርስበት ሰዓት በእጃችሁ ስላለ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ጠብቁት። ካልመጣ ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ አዛውረውታል ማለት ነው፤ 8825ን፣ ሲመሽ ደግሞ 5598ን እዩ። በመሃል ያለው ግማሽ ሰዓት ለቡና ይበቃል፣ ሁለተኛው ላይ ግን ተነሱ።